ለአንዱ ፈርመው ለሌላው የሚከፍሉት ወረቀት

መርካቶ ውስጥ ጨርቅ የምትነግድ አንዲት ሴት እናስብ። ከአከፋፋይ የ400,000 ብር ዕቃ በዱቤ ትወስዳለች። የምትከፍለው ከሦስት ወር በኋላ ነው። አከፋፋዩ «ለሁለታችንም መተማመኛ ትሁነን» ብሎ አንድ ገጽ ወረቀት ያቀርብላታል። የወረቀቱ አናት ላይ «የተስፋ ሰነድ» ይላል። በቀጠሮው ቀን ይህን ያህል ብር እከፍላለሁ የሚል የጽሑፍ ቃል ነው። ሴትየዋ አንብባ ትፈርማለች። ዕቃዋን አስጭና ትሄዳለች።

ወር ሳይሞላ ጣጣው ይመጣል። ከጣቃዎቹ ብዙዎቹ ቀለማቸው የሚለቅ ሆኖ ይገኛል። ደንበኞቿ እየመለሱባት ነው። ለአከፋፋዩ ትደውላለች። እሱም አይክድም። «እሺ፣ 150,000ውን ተይው። ሁለት መቶ ሃምሳውን ትሰጭኛለሽ» ይላታል። በስልክ ይስማማሉ። ልቧ ያርፋል።

ቀኑ ሲደርስ የሚደውለው ግን አከፋፋዩ አይደለም። ድምፁን ሰምታው የማታውቅ ሰው ነው። «ወረቀትዎ እኔ ጋር ነው። 400,000 ብሩን መቼ ልምጣ?» ይላታል። «እኔ እርስዎን አላውቅዎትም። ሒሳቤ ከእሱ ጋር ነው» ትለዋለች። ሰውየው ረጋ ብሎ፣ «ከእሱ ጋር የተነጋገሩትን እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው ወረቀቱን ነው» ይላታል።

ክርክሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ በአብዛኛው የምትሸነፈው እሷ ናት። ሰውየው የተናገረው ነገር ጭካኔ ይመስላል እንጂ በሕጉ ቋንቋ ትክክል ነው። ለምን እንደሆነ ማወቅ ያለበት ደግሞ የሕግ ባለሙያ ብቻ አይደለም። በዱቤ የሚሸጥም፣ በዱቤ የሚገዛም፣ ለወዳጁ ብሎ የሚፈርምም ማወቅ አለበት።

ጉዳዩን አሁን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጣለ። በኋላ ገደቡ ደረጃ በደረጃ ከፍ ብሏል። ባንክ ብድር ሲያጠብቅ ነጋዴ ወደ ነጋዴ ያያል። ዱቤ ይበዛል። ዱቤ ሲበዛ ደግሞ ወረቀት ይበዛል። ወረቀት ያለው ሰው ገንዘብ ሲቸግረው ያንኑ ወረቀት ለሌላ አሳልፎ መስጠት ይጀምራል። ያኔ የፈረመው ሰው ጨርሶ ያላሰበው እንግዳ በሩን ያንኳኳል።

በቅድሚያ ሕጉ የት እንዳለ እንይ። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ መውጣቱን ብዙ ሰው ሰምቷል። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው። ከዚህ ተነስተው «የድሮው የንግድ ሕግ ቀርቷል» የሚሉ አሉ። ሙሉ በሙሉ አልቀረም። አዲሱ ሕግ የተካው ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የሚናገሩትን ክፍሎች ነው። ስለሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶችና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገረው አራተኛው መጽሐፍ የ1952ቱ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ሐዋላ ወረቀትም (አንዱ ሌላውን ለሦስተኛ ሰው እንዲከፍል የሚያዝበት ሰነድ)፣ ቼክም፣ የተስፋ ሰነድም የሚዳኙት በእሱ ነው። ድንጋጌዎቹ በ1930 እና በ1931 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ከተዘጋጁት ዓለም አቀፍ ወጥ ሕጎች ጋር በእጅጉ ይመሳሰላሉ። ከ60 ዓመት በላይ የቆየ ሕግ ነው። ዕድሜውን ያህል ግን አይታወቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ተራ ዕዳ ቢሆን ኖሮ የጨርቅ ነጋዴዋ ነገር ሌላ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለገንዘብ መብቱን ያለ ባለዕዳው ፈቃድ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላል። ከአንቀጽ 1962 ጀምሮ ያለው ክፍል የሚናገረው ይህን ነው። ነገር ግን መብቱን የተቀበለው ሰው በአስተላላፊው እግር ይተካል። ከእሱ የተሻለ ነገር አያገኝም። ባለዕዳው ለመጀመሪያው ሰው ሊያነሳ ይችል የነበረውን መቃወሚያ ለአዲሱም ያነሳል። ዕቃው ብልሽት ነበረበት፣ ከፊሉን ከፍያለሁ፣ ቀንሶልኛል ማለት ይችላል። ስለ መተላለፉ ሳይነገረው ለመጀመሪያው ሰው ቢከፍል እንኳ ነጻ ይወጣል። ይህ ለጆሯችን የሚገባ ፍትሕ ነው። የሌለውን ማንም አይሰጥምና።

የተስፋ ሰነድ ግን ይህን አካሄድ ይሰብረዋል። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 715 እንደሚለው፣ በእነዚህ ሰነዶች መብቱ ከወረቀቱ ጋር የተጣበቀ ነው። ከወረቀቱ ለይቶ መጠየቅም ማስተላለፍም አይቻልም። መብቱ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል ማለት ነው። ወረቀቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሻጭና ገዢ በመካከላቸው የተነጋገሩት፣ የተኮራረፉት፣ የታረቁት ነገር ግን አብሮ አይሄድም። እዚያው እነሱ ጋር ይቀራል።

ከዚህ የሚወለደው ደንብ አንቀጽ 717 ላይ ነው። የተከሰሰው ባለዕዳ ከወረቀቱ የቀድሞ ያዦች ጋር በነበረው የግል ግንኙነት ላይ የቆመ መቃወሚያ በአሁኑ ያዥ ላይ አያነሳም። አንድ በር ብቻ ተከፍቶለታል። ያዡ ሰነዱን ሲቀበል እያወቀ ባለዕዳውን ለመጉዳት የሠራ ከሆነ ከለላው ይነሳበታል። «እያወቀ» የምትለዋ ቃል ትልቅ ሸክም ተሸክማለች። ሰውየው ስለ ጨርቁ ቀለም ወሬ መስማቱ ብቻ አይበቃም። ይህን ወረቀት ብወስደው ሴትየዋ ያላትን መከራከሪያ አሳጣታለሁ ብሎ፣ እያወቀ እንደወሰደው መታየት አለበት። ማስረዳት ያለባት ደግሞ እሷ ናት። ሰው በልቡ ያሰበውን ማስረዳት ቀላል እንዳልሆነ ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል።

«እንዲህ ያለ ሕግ ለምን ይወጣል?» ማለት ተገቢ ነው። መልሱን በደንብ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ የእንግሊዝ ነው። ታኅሣሥ 1756 እ.ኤ.አ. ሌቦች በጉዞ ላይ የነበረ ፖስታ ዘረፉ። ከተዘረፈው ውስጥ ለአምጪው የሚከፈል የባንክ ወረቀት ነበረበት። በማግሥቱ ያ ወረቀት አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት እጅ ገባ። ሰውየው ከየት እንደመጣ አላወቀም። ዋጋውን ሰጥቶ ነው የተቀበለው። ወደ ባንኩ ይዞ ሲሄድ ግን ወረቀቱን ያዙበት። ጉዳዩ በ1758 ሎርድ ማንስፊልድ የተባሉት ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛው ለባለ እንግዳ ማረፊያው ፈረዱለት። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት በንግድ ውስጥ እንደ ገንዘብ ይዘዋወራል። የሚቀበለው ሰው ሁሉ የኋላ ታሪኩን እየቆፈረ እንዲመረምር ካስገደድነው ማንም አይቀበለውም። ማንም ካልተቀበለው ደግሞ ንግዱ ይቆማል።

እኛም በየቀኑ እንዲሁ እናደርጋለን። ታክሲ ውስጥ የ100 ብር ኖት ስንቀበል «ይህ ብር ትናንት የማን ነበር?» ብለን አንጠይቅም። የተስፋ ሰነድ ሕግ የዚህን ዕረፍት ቁራሽ ለግል ወረቀት ሰጠው። ወረቀቱን በቅን ልቦና የወሰደው ሰው ከሰጠው ሰው ይልቅ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። እንግዳ ነገር ነው። ግን አከፋፋዩ በዱቤ መሸጥ የቻለው በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ነገ ወደ ገንዘብ ወይም ወደ ሌላ ዕቃ እንደሚቀይረው አምኖ ነው ሦስት ወር የታገሣት።

ይህ ሁሉ ጥንካሬ የሚመጣው ግን ወረቀቱ በእርግጥ የተስፋ ሰነድ ከሆነ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ተቀባዩም፣ ፈራሚውም። አንቀጽ 823 ወረቀቱ ምን መያዝ እንዳለበት ይናገራል። «የተስፋ ሰነድ» የሚለው ስም በጽሑፉ ውስጥ መኖር አለበት። የተወሰነ ገንዘብ ያለ ምንም ሁኔታ ለመክፈል የተገባ ቃል ሊኖር ይገባል። የመክፈያው ጊዜና ቦታ፣ የሚከፈለው ሰው ስም፣ የተጻፈበት ቀንና ቦታ፣ የፈራሚው ፊርማ ይፈለጋሉ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ቢጎድሉ አንቀጽ 824 ይሞላቸዋል። ለምሳሌ የመክፈያ ጊዜ ካልተጻፈ ሰነዱ በቀረበ ጊዜ እንደሚከፈል ይቆጠራል። ስሙ፣ የገንዘቡ ልክ ወይም ፊርማው ቢጎድል ግን ሰነዱ በሕጉ ዓይን የተስፋ ሰነድ አይደለም።

«ያለ ምንም ሁኔታ» የምትለዋን ላስረግጣት። «ዕቃው ተሽጦ ሲያልቅ እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት የተስፋ ሰነድ አይደለም። «ቤቱ ሲጠናቀቅ» የሚልም አይደለም። ባይሸጥስ? ባይጠናቀቅስ? ክፍያው በሌላ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል። የዕዳ ማስረጃ መሆኑ ላይቀር ይችላል። የሚተላለፈው ግን እንደ ተራ መብት ነው። ሦስተኛው ሰው ያን ሁሉ ከለላ አያገኝም። ስለዚህ «የዕዳ ማረጋገጫ»፣ «የብድር ውል»፣ «ደረሰኝ» የሚል ርዕስ ያለውን ወረቀት በጀርባው አስፈርሞ መውሰድና የተስፋ ሰነድ መውሰድ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። አምጪ ሆኖ የሚመጣውም ሰው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ማንበብ ያለበት ይህን ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ጀርባው ነው። ሰነዱ የሚተላለፈው በጀርባው በመፈረም ነው። የመጀመሪያው ተከፋይ ስሙ ፊት ለፊት ተጽፏል። እሱ ለሁለተኛው ይፈርማል፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው። ይህ ሰንሰለት መቆረጥ የለበትም። የመጨረሻው ያዥ ሕጋዊ ያዥ የሚባለው ፊርማዎቹ ተያይዘው እሱ ላይ ሲደርሱ ነው። የገንዘቡን ከፊል ብቻ ማስተላለፍ አይቻልም። «ከ400,000ው 200,000ው ያንተ ነው» ብሎ መፈረም ዋጋ የለውም።

በጀርባ የሚፈርም ሰው ደግሞ መብት ብቻ አስተላልፎ አይገላገልም። ራሱም ዋስ ይሆናል። ዋናዋ ባለዕዳ ካልከፈለች ያዡ ወደ እሱ ዞሮ ይጠይቀዋል። ፈራሚዎቹ በሙሉ ለያዡ በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው። ያዡ የፈለገውን አንዱን ወይም ሁሉንም፣ ተራ ሳይጠብቅ መክሰስ ይችላል። ገንዘቡ ያለውን ይመርጣል ማለት ነው። «እኔኮ ለሰውየው አቀበልኩት እንጂ ዕዳው የእኔ አይደለም» የሚለው መልስ እዚህ ውሃ አያነሳም። ዋስ መሆን ያልፈለገ ሰው ሲያስተላልፍ «ያለ ዋስትና» ብሎ ከፊርማው ጋር መጻፍ ይችል ነበር።

ያዡም ግን እንዳሻው አይተኛም። ሰነዱን በቀኑ ማቅረብ አለበት። ካልተከፈለው በጀርባ የፈረሙትን ለመጠየቅ እምቢታውን በሕጉ መንገድ ማስመዝገብ ይጠበቅበታል። ነጋዴው ፕሮቴስት የሚለው ነው። ጊዜው በቀናት የሚቆጠር ነው። ካሳለፈ በጀርባ የፈረሙትን ያጣቸዋል። ዋናዋን ፈራሚ ግን አያጣትም። አንቀጽ 826 እሷን የሐዋላ ወረቀትን እቀበላለሁ ብሎ እንደፈረመ ሰው ያያታል። እሷን ለመክሰስ ከመክፈያው ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት አለው። በጀርባ የፈረሙትን ለመክሰስ ያለው ግን አንድ ዓመት ብቻ ነው። ዕዳ በተራ ውል ሲሆን የአሥር ዓመት ይርጋ የለመደ ሰው እዚህ ይቀደማል።

ክስ ሲመጣ ደግሞ አካሄዱ ፈጣን ሊሆን ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 284 ጀምሮ ስለ አጭር ሥነ ሥርዓት ይናገራል። የተወሰነ ገንዘብ ብቻ የሚጠየቅበት፣ በእንዲህ ያለ ሰነድ ላይ የቆመ ክስ በዚያ መንገድ ሊቀርብ ይችላል። ተከሳሽ እንደ ወትሮው መልሱን ጽፎ ገብቶ አይከራከርም። በመጀመሪያ በቃለ መሐላ የተደገፈ ማመልከቻ አቅርቦ «እንድከላከል ይፈቀድልኝ» ማለት አለበት። ፍርድ ቤቱ በቂ ምክንያት ካላየ ሳይፈቅድ ለከሳሽ ሊፈርድ ይችላል። መጥሪያ ደርሶት «ቀኑ ሲደርስ እሄዳለሁ» ብሎ የተቀመጠ ሰው ነገሩ አልቆ ሊያገኘው ይችላል።

እንግዲህ ለፈራሚው ምን ቀረለት? በማንኛውም ያዥ ላይ፣ ቅን ልቦና ቢኖረውም ባይኖረውም፣ የሚነሱ መቃወሚያዎች አሉ። ፊርማው የእኔ አይደለም፣ ተመሳስሎ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ስፈርም አካለ መጠን አላደረስኩም ነበር ማለት ይቻላል። ሰነዱ አንቀጽ 823 የሚጠይቀውን አልያዘም ማለት ይቻላል። ይርጋ አልፎበታል ማለት ይቻላል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ነገርም ይረዳል። ከፊል ክፍያ በወረቀቱ ላይ ተመዝግቦ ከሆነ ያዡ ዓይኑን ጨፍኖ ሙሉውን አይጠይቅም። ቁጥሩ ከተፈረመ በኋላ ተቀይሮ ከሆነም ከለውጡ በፊት የፈረመ ሰው የሚገደደው በፊተኛው ጽሑፍ ነው።

የስልኩ ስምምነት ግን እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። የጨርቅ ነጋዴዋ ትልቁ ስህተት እሱ ነው። ዋጋ ሲቀነስላት «ወረቀቱን አምጣውና እንቅደደው፤ በ250,000 አዲስ እንጻፍ» ማለት ነበረባት። አከፋፋዩ «ወረቀቱ አሁን እጄ ላይ የለም» ቢላት ያኔውኑ ይገባት ነበር። ወረቀቱን ሳያዩ መስማማት፣ ወረቀቱን ሳይቀበሉ መክፈል ሁለቱም አንድ ዓይነት አደጋ አላቸው። የከፈለ ሰው ሰነዱ «ተከፍሏል» ተብሎ ተፈርሞበት እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው። ይህን ሳያደርግ ለመጀመሪያው ሰው ጠቅላላውን ከፍሎ ቢሆን እንኳ ሁለተኛ ሊከፍል ይችላል። ከቀኑ በፊት የሚከፍል ሰውም አደጋውን ራሱ ይሸከማል።

ባዶ ወረቀት ላይ የፈረመ ሰው ነገርማ ከዚህ ይብሳል። «ቁጥሩን በኋላ እንሞላዋለን» ተብሎ የሚፈረም ወረቀት አለ። ዕቁብ ቀድሞ ለወጣለት ሰው፣ ቤት ለተከራየ ሰው፣ ከአራጣ አበዳሪ ለተበደረ ሰው ይቀርባል። ከስምምነቱ ውጭ ሞልተውት በቅን ልቦና ለተቀበለ ሦስተኛ ወገን ከተላለፈ፣ ፈራሚው «እንዲህ አልተባባልንም» ብሎ በእሱ ላይ መከራከር አይችልም። እዚህ ላይ በጣም አዝናለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2479 የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የወንጀል ሕጉም አራጣን ይቀጣል። አራጣ አበዳሪው ግን ወለዱን ከዋናው ደምሮ «400,000» ብሎ ያስፈርማል። ወረቀቱ ላይ «ወለድ» የሚል ቃል የለም። ሲያስተላልፈው ደግሞ የተበዳሪውን መከራከሪያ ከእጁ ያወጣዋል። ሕጉ ንግድን ለማፋጠን የሰጠው ከለላ በዚህ መንገድ ለግፍ መሸሸጊያ ይሆናል።

ሌሎች አገሮች ይህን ቀዳዳ ለማጥበብ ሞክረዋል። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1975 እ.ኤ.አ. አንድ ደንብ አወጣ። በዱቤ ለግል ጥቅሙ ዕቃ የሚገዛ ሰው በሚፈርመው ውል ላይ አንድ ማስታወቂያ እንዲጻፍ ያዛል። ማስታወቂያው ወረቀቱን የያዘ ሁሉ ገዢው በሻጩ ላይ ሊያነሳ በሚችለው መቃወሚያ እንደሚገዛ ይናገራል። የተበላሸ መኪና የተሸጠለት ሰው ወረቀቱ ለፋይናንስ ድርጅት ተሽጧል ተብሎ አፉ አይዘጋም። ሁለት ነጋዴዎች እርስ በርስ ሲገበያዩ ግን ደንቡ አይደርስም። እነሱ በራሳቸው ይጠንቀቁ ነው። ይህ ልዩነት ትክክለኛ ይመስለኛል። የ1952ቱ ሕግ አራተኛ መጽሐፍ ግን ለቤቷ ፍሪጅ የገዛችውን እናትና አስመጪውን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋል።

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ቤት የገዛ ወገናችንም ከዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ቤት ሲገዙ ከሚፈርሟቸው ወረቀቶች አንዱ የተስፋ ሰነድ ነው። እሱም ይሸጣል፣ ይተላለፋል። አንድ ቀን «ከእንግዲህ የሚከፍሉት ለእኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው አጭበርባሪ ያዘጋጀው እንዳይሆን ከቀድሞው ድርጅትም ማረጋገጫ መጠበቅ ተገቢ ነው። ክፍያ ሰብሳቢው ሲቀየር ሁለቱም ወገኖች ማሳወቅ አለባቸው። ከተላለፈ በኋላ ባሉት 60 ቀናት በስህተት ለቀድሞው የተላከ ክፍያ ቀኑን ጠብቆ ደርሶ ከሆነ እንደ ዘገየ አይቆጠርም። እስራኤል ያሉት ደግሞ ቤት ሲከራዩ ለዋስትና የሚፈርሙትን ወረቀት አቅልለው ባያዩት እመክራለሁ። እዚያ እንዲህ ያለ ሰነድ ያለ ፍርድ ውሳኔ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ቢሮ ሊቀርብ ይችላል።

አገር ቤት ተመልሰን አንድ ጥያቄ እናንሳ። የተስፋ ሰነድ ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ ነጋዴው ለምን ቼክ ይመርጣል? ምክንያቱ ፍርሃት ነው። ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። የተስፋ ሰነድ ያልከፈለ ሰው ግን በዚያ ብቻ አይታሰርም፤ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው። ስለዚህ አበዳሪው ከሦስት ወር በኋላ ያለ ቀን የተጻፈበት ቼክ ይቀበላል፤ ተበዳሪውን በእስር ለማስፈራራት። ቼክ ግን የተሠራው ለዱቤ አይደለም። በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ነው። የተጻፈበት ቀን ገና ቢሆንም ባንክ ከቀረበ በቀረበበት ቀን ይከፈላል። «ቀኑ ሳይደርስ አስገባብኝ» የሚለው የዘወትር እሮሮ የሚመጣው ከዚህ ነው። ለቀጠሮ ክፍያ የተሠራው መሣሪያ የተስፋ ሰነድ ነው። ለዱቤ ቼክ ከመስጠትና ከመቀበል በእሱ መገበያየት ለሁለቱም ወገን የበለጠ ሐቀኛ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። እስር ቤት የገባ ባለዕዳ ዕቃ ሸጦ አይከፍልም።

ለመፈረም ያሰበ ሰው አንድ ቀላል መከላከያ አለው፤ ሲጠቀሙበት እምብዛም አይታይም። ሰነዱ ላይ «ለሌላ በፊርማ አይተላለፍም» ወይም «ለትእዛዝ አይደለም» ብሎ መጻፍ ይችላል። እንዲህ ከተጻፈ ሰነዱ ቢተላለፍ እንኳ እንደ ተራ መብት ነው የሚተላለፈው። መቃወሚያዎቹ አብረውት ይሄዳሉ። የጨርቅ ነጋዴዋ እነዚያን ጥቂት ቃላት አስገብታ ቢሆን ኖሮ የሚደውልላት ሰው የሚጠይቃት 250,000 ብር ነበር። አከፋፋዩ ይህን ላይወድ ይችላል፤ ወረቀቱ ገበያ አያወጣለትምና። ያኔ በዋጋው ላይ ይነጋገራሉ። ቢያንስ ምን እየሰጠች እንደሆነ አውቃ ትሰጣለች። ለድርጅት የሚፈርም ሥራ አስኪያጅም የድርጅቱን ስም ጽፎ፣ ሥልጣኑን አሳይቶ መፈረም አለበት። ሥልጣን ሳይኖረው የፈረመ ሰው ዕዳው በራሱ ላይ ይወድቃል።

ሰነዱን የሚቀበለውም ሰው የራሱ ጥንቃቄ አለው። ቀኑ ያለፈበትንና እምቢታ የተመዘገበበትን ሰነድ የሚወስድ ሰው ያን ሁሉ ከለላ አያገኝም። እንደ ተራ መብት ነው የሚተላለፍለት። «ገንዘቡን ሰብስብልኝ» ተብሎ በውክልና የተፈረመለትም እንዲሁ ነው። ፈራሚው በላኪው ላይ ያለውን መቃወሚያ ሁሉ ያነሳበታል። የ400,000 ብር ወረቀት በ100,000 ሲሰጡትም ቆም ብሎ ቢያስብ ይሻላል። ዋጋው ያን ያህል የወረደበትን ምክንያት አለመጠየቁ ኋላ ፍርድ ቤት ስለ ቅን ልቦናው ሲመረምር ሊነሳበት ይችላል።

አሁን ስልኩን ይዛ የቆመችው ሴት ምን ታድርግ? በመጀመሪያ ዋናውን ወረቀት ማየት አለባት። ፎቶ ኮፒ አይበቃም፤ በቴሌግራም የተላከ ፎቶም አይበቃም። መብቱ ያለው ወረቀቱ ውስጥ ስለሆነ ሰውየው ራሱን ሰነዱን ይዞ መቅረብ አለበት። ፊት ለፊቱን ታንብብ፤ የሚፈለገው ሁሉ አለ? ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን ትይ። አከፋፋዩ ፈርሟል? ለማን? መቼ? ሰንሰለቱ ይህ ሰው ላይ ይደርሳል? ሁሉም ከተሟላ ልትከፍል ይገባል። ገንዘቡን ስትሰጥ ወረቀቱን ተፈርሞበት ትቀበል። ከዚያ 150,000 ብሯን ከአከፋፋዩ ትጠይቅ። ያ መብቷ አልጠፋም። በሽያጭ ሕጉ ለብልሽት ያለው የጊዜ ገደብ አጭር ስለሆነ ግን ዛሬ ነገ ማለት የለባትም። ስለ ቅናሹ የተጻጻፉት የስልክ መልእክት ካለ አታጥፋው። ከጣቃዎቹም አንዱን ለናሙና ታስቀምጥ።